በወፍ የተሳበበው በሽታ

ልጅቱ ከቦርሳዋ አውጥታ የሰጠችኝ ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎ፣ ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ደጋግማ ከፍታዋለች ማለት ነው። ሰፈራችን ተወልዳ ያደገች የ22 ዓመት ልጅ ናት። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ልትሄድ ፓስፖርቷን አውጥታ፣ ሥልጠናዋን ጨርሳ፣ የቀራት የሕክምና ምርመራው ብቻ ነበር። ወረቀቱ ላይ «አንፊት» (ብቁ አይደለችም) የሚል ማኅተም ተመትቶበታል። ከማኅተሙ በላይ «ሄፓታይተስ ቢ» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል በእስክሪብቶ ተከቧል።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው? ‹ጉበትሽ ላይ ነው› አሉኝና ቀጣዩን ሰው ጠሩ» አለችኝ። ታማ አታውቅም። ትበላለች፣ ትሠራለች፣ ትተኛለች። «እስቲ ዐይኔን እዩልኝ፤ ቢጫ ሆኗል እንዴ?»

አየሁት። የዐይኗ ነጭ እንደ ወተት ነው።

የዚህ ዳሰሳ መነሻ ያ ጥያቄ ነው። ስለ ጉበት በሽታ የተነገረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ መስተዋት ፊት ቆሞ ዐይኑን ይመለከታል፤ ቢጫ ካላየ ልቡ ያርፋል። ብዙውን ሰው የሚገድሉት ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ግን ዐይን ሳይነኩ ሃያና ሠላሳ ዓመት ጉበት ውስጥ ይቀመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ዙሪያ 1.3 ሚሊዮን ሰዎች በቫይረስ በሚመጣ የጉበት በሽታ ሞተዋል፤ በየቀኑ 3,500 ሰው ማለት ነው። በዚያው ዓመት 254 ሚሊዮን ሰዎች ከሄፓታይተስ ቢ፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ከሄፓታይተስ ሲ ጋር ይኖሩ ነበር። ሪፖርቱ የዓለምን ሸክም ሁለት ሦስተኛ የሚሸከሙ ብሎ ስማቸውን ከዘረዘራቸው 10 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶችን አሰባስበው ያሰሉ ተመራማሪዎች ከ100 ሰው ከ6 እስከ 7 የሚሆነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደሙ ውስጥ እንዳለ ገምተዋል። አንድ ታክሲ ውስጥ አሥራ አራት ሰው ቢቀመጥ አንዱ ማለት ነው። ከእነዚህ አብዛኞቹ እንደዚያች ልጅ አያውቁትም።

ስሙ ያሳሳተን ነገር

በአማርኛ «የወፍ በሽታ» እንላለን። በብዙ አካባቢ የሚነገረው ምክንያት የሌሊት ወፍ በተኛ ሰው ላይ ስላለፈች ወይም ሽንቷ ስለነካው ነው የሚል ነው። መድኃኒቱም ከዚያው ከሰፈር ነው፤ የስሚዛ ቅጠል ተጨምቆ ይጠጣል፣ እንዶድ ይሰጣል፣ አንዳንድ ቦታም ክንድ በጋለ ብረት ይተኮሳል።

ወፏ ግን ጥፋት የለባትም። ቢጫው የሚመጣው ከራሳችን ደም ነው። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ዝቃጭ ይተዋሉ። ጤነኛ ጉበት ይህን እያጣራ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይሸኘዋል። ጉበት ሲቆጣ ዝቃጩ ደም ውስጥ ይቀራል፤ ዐይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል፣ ሰገራ ደግሞ ይነጣል። ወባም፣ የሐሞት ጠጠርም፣ አንዳንድ መድኃኒትም ይህንኑ ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ ቢጫነት የጉበትን ወይም የደምን መታወክ ይናገራል እንጂ መንስኤው ማን እንደሆነ አይነግረንም።

ስሙ ሌላም ጉዳት አለው። ከአምስቱ የሄፓታይተስ ቫይረሶች ሁለቱ፣ ኤ እና ኢ፣ ሰውን ቢጫ አድርገው በአብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሳቸው ይለቃሉ። ጎልማሳ በሄፓታይተስ ቢ ሲያዝም ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያጸዳዋል። በዚያ መሃል ስሚዛ የጠጣ ሰው ሲድን ምስጋናው የሚሄደው ለስሚዛው ነው። መድኃኒት አዋቂው አልዋሸም፤ ያጠጣው ሰው በእርግጥ ድኗል። የዳነው ግን ባይሰጠውም ይድን የነበረ ሰው ነው። ሳያውቅ ሥር የሰደደ ቫይረስ የተሸከመው ሌላኛው ታማሚ ያንኑ ጭማቂ ጠጥቶ «ዳንኩ» ብሎ ይሄዳል። የተቆጣ ጉበት ላይ መጠኑ ያልታወቀ ሥርና ቅጠል መጨመርም በራሱ ጉበትን ሊያደክም ይችላል። የባህል ሕክምናን ከማጣጣል ሳይሆን ከዚህ ነው ሐኪሞች «ለጉበት ሥር አትጠጡ» የሚሉት።

በውሃ የሚመጡት ሁለቱ

ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ መንገዳቸው አንድ ነው። የታመመ ሰው ሰገራ በውሃ፣ በእጅ፣ በአትክልት አድርጎ የሌላውን ሰው አፍ ያገኛል። ሄፓታይተስ ኤ እንደ እኛ ባለ አገር አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ሳያውቀው ይዞት የሚያልፍ ነው፤ ልጅን እምብዛም አያሳምምም፣ አንዴ የያዘውም ዕድሜ ልኩን አይደገምበትም። ክትባት አለው። እስራኤል በ1999 ለሕፃናት ሁሉ መስጠት ስትጀምር ከዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች፤ በሽታው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ቀነሰ።

ሄፓታይተስ ኢ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ሌላ በሽታ ነውና። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ከያዛቸው እናቶች ከአምስት አንዷን፣ አለዚያም ከአራት አንዷን ሊገድል ይችላል። ሌላውን ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በድካምና በማቅለሽለሽ ያልፋል። ቫይረሱ መኖሩ የታወቀው በ1983 ነው። የሶቪየት ሐኪም ሚካኢል ባላያን አፍጋኒስታን የነበሩ ወታደሮችን ያሳመመው ምን እንደሆነ ሊያረጋግጥ ከሕመምተኞቹ ሰገራ የተጣራ ፈሳሽ ራሱ ጠጣ። ታመመ፤ ቫይረሱንም በራሱ ሰገራ ውስጥ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አየው።

በእኛም አገር ይህ በሽታ እንግዳ አይደለም። ፕሮፌሰር ዕደማርያም ፀጋ፣ የኢትዮጵያ የውስጥ ደዌ ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ፣ የምርምር ዘመናቸውን የሰጡት ለጉበት በሽታ ነበር፤ በተለይ ቫይረሶቹ በእርጉዝ ሴቶች ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ከባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው ጽፈዋል። በ2014 ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው ጋምቤላ የገቡ ስደተኞች በሠፈሩባቸው ጣቢያዎች ሄፓታይተስ ኢ ተነሣ። ከጣቢያዎቹ አንዳንዶቹ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ የሚያጠቃቸው ነበሩ፤ ሽንት ቤት ከሚጠጣ ውሃ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ቫይረሱ መንገድ ያገኛል። የበሽታው መንገድ ያን ያህል ቀላልና ያን ያህል ጨካኝ ነው። ክትባቱ ቻይና ውስጥ በ2011 ተፈቅዷል፤ በወረርሽኝ መሃል ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2022 ደቡብ ሱዳን ቤንቲዩ ነበር።

እነዚህን ሁለቱን ለመከላከል ሥራው የታወቀ ነው። ሽንት ቤት ከምንጭና ከጉድጓድ ማራቅ፣ ውሃ አንተክትኮ ማፍላት፣ ሰላጣና ጎመን በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ከሽንት ቤት በኋላና ከማብሰል በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ። ጉርሻ እዚህ ላይ ይጠየቃል። እጁን ያልታጠበ ሰው የሚያጎርስህ ጉርሻ ሄፓታይተስ ኤንና ኢን ሊያመጣ ይችላል። ሄፓታይተስ ቢን ግን አያመጣም። ይህን ልዩነት ያላወቁ ቤተሰቦች ቢ ያለባትን ልጃቸውን ሳህን ለይተው ሲያበሉ፣ ክዳን ስለሌለው የሽንት ቤት ጉድጓድ ግን ማንም ሳይጨነቅ አይቻለሁ።

በደም የሚሄደው፤ ከሁሉም በላይ ቢ

ሄፓታይተስ ቢ የተገኘው ማንም ሳይፈልገው ነው። ባሩክ ብለምበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የተለያየ አገር ሰዎች ደም በምን እንደሚለያይ ሲያጠና፣ ከአንድ የአውስትራሊያ ነባር ተወላጅ ደም ውስጥ እንግዳ ፕሮቲን አገኘ። በ1965 ጽፎት «የአውስትራሊያ አንቲጂን» ብሎ ሰየመው። ያ ፕሮቲን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ቅርፊት መሆኑ የተረጋገጠው ቆይቶ ነው። በ1976 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ የልደቱ ቀን ሐምሌ 21 (በአውሮፓ ጁላይ 28) ዛሬ የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ሆኖ ይታሰባል። ያችን ልጅ «ፖዘቲቭ» ያደረጋት ያው የብለምበርግ ፕሮቲን ነው።

ስለዚህ ቫይረስ አንድ ነገር ብቻ ማስታወስ ካለብን የዕድሜው ነገር ነው። ጎልማሳ ሆኖ የተያዘ ሰው ከመቶ ዘጠና አምስቱ ቫይረሱን ያጸዳል። በተወለደበት ሰዓት ወይም በጨቅላነቱ የተያዘ ሕፃን ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ተሸካሚ ይሆናል። የሕፃን የመከላከል አቅም ገና ያልበሰለ ስለሆነ ቫይረሱን እንደ ጠላት አይቆጥረውም፤ ያስተናግደዋል። ስለዚህ ዛሬ በአርባ ዓመቱ በጉበት ካንሰር የሚሞተው ሰው ቫይረሱን የወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ገና መናገር ሳይጀምር ነው።

ከየት ይወስደዋል? አንዱ ከእናቱ ነው፤ በምጥ ሰዓት ከደሟ ጋር ሲነካካ። ደሟ ውስጥ ቫይረሱ በብዛት ካለ፣ ምንም ካልተደረገ፣ ልጁ የመያዝ ዕድሉ ከ70 እስከ 90 በመቶ ነው። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ነው፤ በአፍሪካ ትልቁ መንገድ ሆኖ የኖረው ይኸው ነው። ወንድምና እህት አብረው ሲጫወቱ የተቧጨረ ጉልበት፣ የሚያሳክክ ቁስል፣ በአንድ ምላጭ የሚላጭ የሁለት ልጅ ጸጉር። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ፣ በደረቀ ደም ውስጥ፣ ቢያንስ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል። ኤችአይቪ ይህን አይችልም። የኤችአይቪ ዘመቻ ምላጭ ለየብቻ መጠቀምን አስተምሮናል፤ ያ ትምህርት ለሄፓታይተስ ቢ ከዚያም በላይ ያስፈልጋል።

ጸጉር ቤት ገብታችሁ ቶንዶሱን ተመልከቱት። ጥርሱ መካከል ጸጉር ተይዟል፤ አንዳንዴ ከጸጉሩ ጋር ቡኒ የሆነች ነጥብ ትታያለች። ቆራጩ በብሩሽ ያራግፈዋል፣ ትንሽ ሽቶ ይረጭበታል፣ ቀጣዩን ሰው ያስቀምጣል። ሽቶ ቫይረስ አይገድልም። ከአንገት ጀርባ ያለውን ጸጉር በምላጭ ሲያስተካክል ደግሞ ቆዳ ይጫራል፤ የሚጫረው ዐይን የማያየው ያህል ነው፣ ለቫይረሱ ግን በቂ ነው። «አዲስ ምላጭ ፊቴ ክፈትልኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። በቤት ውስጥም ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ የየራስ ይሁን።

የኛው ልማዶች የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። የሕፃን እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ ማስወጣት፣ በዋግምት ደም ማስወጣት፣ ድድና አንገት መነቀስ፣ በቤት የሚደረግ ግርዛት፣ የሴት ልጅ ግርዛት፣ ጆሮ መብሳት። መሣሪያው ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ቢላዋ ወይም መርፌ ሲሆን በአንድ ቀን ለአምስት ልጅ ያገለግላል። እናቶቻችን ልጃቸውን ለመጉዳት ብለው ያስቆረጡ አይደሉም፤ ጉሮሮው እንዳይዘጋበት ብለው ነው። የሴት ልጅ ግርዛት ግን በሕግ ወንጀል ነው፤ ሄፓታይተስ ባይኖርም ይቁም። ከዚህ ሌላ በሰፈር በተወጋ መርፌ፣ ሳይመረመር በተሰጠ ደም (ዛሬ የደም ባንክ የሚሰጠው ደም ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል) እና ያለ ኮንዶም በሚደረግ ግንኙነት ይተላለፋል።

የማይተላለፍበትን ደግሞ ጮክ ብሎ መናገር ይገባል። በመጨባበጥ፣ በመሳሳም፣ በማቀፍ፣ በአንድ ሳህን በመብላት፣ በቡና ሲኒ፣ በማሳል፣ በጡት ወተት አይተላለፍም። ሄፓታይተስ ቢ ያለባት እናት ጡት ታጥባ። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ወንድም ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ትሪ ይብላ።

ሄፓታይተስ ዲ ላይ ብዙ አልቆይም። ጎደሎ ቫይረስ ነው፤ የቢን ቅርፊት ካልተዋሰ መራባት አይችልም። ቢ የሌለበት ሰው ዲ አይዘውም፤ ቢ ላይ የተደረበበት ሰው ግን ጉበቱ በፍጥነት ይጎዳል። የቢ ክትባት ሁለቱንም ይከላከላል።

የናይል ማዶው ትምህርት

ሄፓታይተስ ሲ የተገኘው በ1989 ነው። ክትባት የለውም። ቢሆንም በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ትልቁ የምሥራች የሚገኘው በእሱ ላይ ነው፤ ለዚህም ምስክሯ ግብፅ ናት።

ግብፅ ውስጥ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዓመታት መንግሥት ገበሬዎችን ከቢልሃርዝያ ለማዳን ታላቅ ዘመቻ አድርጎ ነበር። መድኃኒቱ በመርፌ የሚሰጥ ነበር፤ መርፌው ደግሞ በደንብ ሳይቀቀል ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። የመንደሩ ሰው የውሃ ቀንድ አውጣ ካመጣበት ከቢልሃርዝያ ሲድን ሄፓታይተስ ሲን ወሰደ። ግብፅ ለአሥርተ ዓመታት በሄፓታይተስ ሲ ከዓለም ቀዳሚ ሆና ቆየች። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ክፉ የሆነው መርፌው ነው።

በ2013 መጨረሻ ሶፎስቡቪር የሚባል እንክብል ጸደቀ። በአሜሪካ የአንድ ሰው ሙሉ ሕክምና 84,000 ዶላር ነበር። ግብፅ ተደራድራ ወደ 900 ዶላር አወረደችው፤ በኋላም አገር ውስጥ እየተመረተ ከዚያም እጅግ ረከሰ። ከ2018 እስከ 2019 በሰባት ወር ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በመስጊድ ደጅ፣ በባቡር ጣቢያ፣ በፋብሪካ ጣቱ ተወግቶ ተመረመረ። ለተገኘበት ሰው መድኃኒቱ በነፃ ቀረበለት። ለአሥራ ሁለት ሳምንት የሚዋጡት እንክብሎች ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ የሚሆኑትን ያድናሉ፤ የሚያድኑትም ፈጽሞ ነው፣ እስከ መጨረሻው። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ለግብፅ ሄፓታይተስ ሲን ወደ ማጥፋት በሚወስደው ጎዳና ላይ ከፍተኛውን ደረጃ ሰጣት። ከእኛ በሀብት ትበልጣለች፤ እውነት ነው። ነገር ግን የሥራው መጀመሪያ ሀብት ሳይሆን የደም ጠብታ ነበር።

አንድ ጠብታ ደም

ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ በቅርብ አይቻለሁ። የላብራቶሪ ባለሙያዋ ጣትን በአልኮል ትጠርጋለች፣ በላንሴት ትወጋለች፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ በጥጥ ታነሣለች፣ ሁለተኛዋን የሻይ ማንኪያ እጀታ በምታህል ዝርግ ፕላስቲክ ላይ ታሳርፋለች። ጥቂት ፈሳሽ ትጨምርበታለች። ደሙ በነጩ ወረቀት ላይ እንደ ውሃ በጨርቅ ይሳባል። አንድ መስመር ብትወጣ ምርመራው ሠርቷል፣ ቫይረሱ ግን አልታየም። ሁለት መስመር ብትወጣ የብለምበርግ አንቲጂን አለ። ቀጭን፣ ሐምራዊ፣ የደበዘዘች ሁለተኛ መስመር እንኳ መስመር ናት። ውጤቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይታያል።

ውጤቱ ግን መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። አንቲጂኑ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ይባላል። ሌሎች ሁለት ምርመራዎች ቢጨመሩ የሰውየውን ታሪክ ሙሉ በሙሉ ይናገራሉ። አንደኛው ከቫይረሱ እምብርት ጋር የተጋፈጠ ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያ ያለው ሰው አንድ ጊዜ ቫይረሱን አግኝቶታል። ሌላኛው ከቅርፊቱ ጋር የሚጋፈጠው ነው፤ ያ ያለው ሰው ተከላክሏል፣ በክትባት ወይም ድኖ። ከክትባት በኋላ የዚህ መጠን 10 mIU/mL እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትባቱ ይዟል ይባላል።

ሰዎችን የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። አንደኛው የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ነው፤ «ጉበቴ ኖርማል ነው ተባልኩ» የሚል ሰው ቫይረስ የለብኝም ማለቱ ሊሆን ይችላል። አይደለም። ኢንዛይሙ የተስተካከለ ሆኖ ቫይረሱ ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው የሄፓታይተስ ሲ ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ከዳነ በኋላም ዕድሜ ልክ ይቀራል፣ ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሆነ ሰው አሁን ቫይረሱ አለው ለማለት ራሱን ቫይረሱን የሚቆጥር ምርመራ ያስፈልጋል። ብዙ ሆስፒታል ውስጥ ለቲቢ የገባው ጂንኤክስፐርት ማሽን ይህን መቁጠር ይችላል። ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ከመጋለጥ በኋላ ወዲያው የተመረመረ ሰው «ኔጌቲቭ» ሊባል ይችላል፤ አንቲጂኑ በአማካይ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው የሚታየው። ዐይን ቢጫ ሆኖ ለመጣ ሰው ደግሞ ሐኪሙ የኤንና የኢን የቅርብ ጊዜ ምልክት መፈለግ አለበት፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ከሆነች።

ጉበት ሁሉ የሚጎዳውም በቫይረስ ብቻ አይደለም። ሐረር አካባቢ በሆስፒታል የተደረገ ጥናት ጫት ብዙ መቃም ለሥር የሰደደ የጉበት ሕመም እንደሚያጋልጥ አሳይቷል፤ ትግራይ ውስጥ ደግሞ አንድ መንደር በአረም ዘር የተበከለ እህል በልቶ በጉበት በሽታ ተጎድቷል። ያለ ምርመራ መገመት የማይገባው ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቀን

የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካንሰርን የሚከላከል የመጀመሪያው ክትባት ነው። ታይዋን በ1984 ለሕፃናት መስጠት ጀመረች፤ ከዓመታት በኋላ የልጆች የጉበት ካንሰር ቀንሶ ታየ። ኢትዮጵያ በ2007 አምስት በሽታ የሚከላከለውን ፔንታቫለንት ክትባት አስገባች፤ ልጆች በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንታቸው ይወስዱታል። ከዚያ ወዲህ የተወለዱ ልጆች ከታላላቆቻቸው ይሻላሉ።

ግን 6 ሳምንት ለአንዳንዶች በጣም ዘግይቷል። ከእናቱ በምጥ ሰዓት የወሰደው ሕፃን ያን ጊዜ ቫይረሱ ጉበቱ ውስጥ ቤቱን ሠርቷል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ መርፌ ይሰጥ የሚለው። በድርጅቱ የአፍሪካ ቀጣና ይህን የመጀመሪያ ቀን ክትባት የሚያገኙት ሕፃናት ግን 18 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ያው የ2024 ሪፖርት ይናገራል። በዓለም በሄፓታይተስ ቢ አዲስ ከሚያዙት ሰዎች 63 በመቶ የሚገኙትም በዚሁ ቀጣና ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ስናይ ምክንያቱና ውጤቱ ነው የሚታየን። ልጅ በቤት ሲወለድ፣ ክትባቱ የሚቀመጥበት ፍሪጅ ሩቅ ሲሆን፣ ያ አንድ ቀን ያልፋል። ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል ስትሄድ «ሄፓታይተስ መርምሩኝ» ትበል፤ ካለባት በእርግዝናዋ መጨረሻ ቴኖፎቪር የሚባለውን እንክብል ብትወስድ ለልጇ የምታስተላልፍበት ዕድል በጣም ይቀንሳል። የምትወልድበት ቦታ የመጀመሪያ ቀን ክትባት መኖሩንም አስቀድማ ትጠይቅ፤ ባል ይጠይቅላት።

ጤና ባለሙያ፣ የላብራቶሪ ሠራተኛ፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ሳይከተቡ መርፌና ደም መንካት የለባቸውም። የጽዳት ሠራተኞቹን መርሳት የለብኝም፤ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ያልተሸፈነ መርፌ የሚወጋቸው እነሱን ነው። ተወግቶ ያልተከተበ ሰው በዚያው ቀን ሄዶ ክትባት ይጀምር። በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ከ2023 ወዲህ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከሉ ዕድሜው 18 የሞላው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ ይመርመር ብሏል፤ ከኢትዮጵያ የሄደ ሰው ሐኪሙ ባያነሣውም ራሱ ያንሣው።

ለተገኘበት ሰው ምን አለ? ሁሉም መድኃኒት አይጀምርም፤ የቫይረሱ መጠን፣ ኢንዛይሙና የጉበቱ ጠባሳ ይታያል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 መድኃኒት የሚጀምሩትን ሰዎች ክልል አስፍቷል። ቴኖፎቪር በቀን አንድ እንክብል ነው፤ ቫይረሱን ያዳክመዋል፣ ያጠፋዋል ግን አይባልም፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥም አደገኛ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር የጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ሕክምና ከሺህ በላይ ታማሚዎችን መዝግቦ፣ በእኛ ሁኔታ ይህን ማከም እንደሚቻል ለአፍሪካ አሳይቷል። መድኃኒት የማይጀምረውም ሰው በየስድስት ወሩ መታየት አለበት። አረቄና ጠላ መተው፣ የሻገተ በቆሎና ለውዝ አለመብላት ጉበትን ያግዛሉ፤ ሻጋታው የሚያወጣው አፍላቶክሲን ከቫይረሱ ጋር ተደምሮ ካንሰር ያፋጥናልና። ጠንቋይም፣ ሥር ቆፋሪም፣ «በአንድ ሳምንት ኔጌቲቭ አደርግሃለሁ» የሚልም ገንዘብ ይወስዳል እንጂ ቫይረስ አይወስድም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ለዚያች ልጅ ስለዚህ ነገር ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ለማንም አይነገርም አይደል?» ብላ ነበር። ለማንም አትንገሪ አላልኳትም። ለእናትሽ ንገሪያት አልኳት፤ ቫይረሱ ከእሷ መጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ወንድሞችሽም ሊኖራቸው ስለሚችል። ሦስት ቀን ቆይታ ነገረቻት። እናቲቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ጣቷን ሰጠች፤ ሁለት መስመር። ታላቅ ወንድሟም ሁለት መስመር። ታናሹ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱ፣ ፔንታቫለንት የወሰደው፣ አንድ መስመር ብቻ ወጣበት። እናትየው አሁን በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድ ትነሣለች። ልጅቱ ወረቀቱን አልጣለችውም፤ ከሆስፒታል ካርዷ ጋር በአንድ ፌስታል ውስጥ አድርጋ ከአልጋዋ ራስጌ ሰቅላዋለች፤ ካርዱ ላይ ቀጣዩ ቀጠሮ ጥር 14 ይላል።